በርንስታይን ኦፕሬተር፦ በሦስት ማዕዘንና በካሬ ላይ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ በርንስታይን ፖሊኖሚያሎች፣ ማለትም አንድን ፈንክሽን በእኩል ርቀት ባሉ ነጥቦች ላይ ካሉት ዋጋዎቹ ተነስተው በግምት ስለሚተኩት ፖሊኖሚያሎች፣ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ሆኖም «ተለዋዋጮች ሲበዙ ያው ስሌት ይደጋገማል» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈው ነገር መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ኦፕሬተር ማለት አንድን ፈንክሽን ተቀብሎ ሌላ ፈንክሽን የሚሰጥ ሥርዓት ነው፤ የበርንስታይኑ ኦፕሬተር ፈንክሽኑን ተቀብሎ ፖሊኖሚያሉን ይሰጣል። ኦፕሬተሩ አንድን ፈንክሽን ተቀብሎ ያንኑ ፈንክሽን በቁጥር አባዝቶ ሲመልሰው፣ ፈንክሽኑ አይገንፈንክሽን፣ ማባዣው ደግሞ አይገንቫልዩ ይባላል። ሰርጌይ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1912 ያስተዋወቀው ኦፕሬተር የፖሊኖሚያሉ ዲግሪ 10 በሚሆንበት ጊዜ፣ በአንድ ተለዋዋጭ አይገንቫልዩዎቹ 1፣ 1፣ 0.9፣ 0.72፣ 0.504 እያሉ ይወርዳሉ። ተለዋዋጩን ሀ ብንለው፣ ሀ(1−ሀ) የተባለው እጅግ ለስላሳ ፈንክሽን እንኳ በ0.9 ስለሚባዛ አንድ አሥረኛውን ያጣል፤ ዲግሪው ወደ 100 ቢያድግም አንድ መቶኛውን ማጣቱ አይቀርም። ዘዴው አዝጋሚ የሆነበት ምክንያት ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

ተለዋዋጮቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ፈንክሽኑ የሚኖርበት ቅርጽ ራሱ ወሳኝ ይሆናል። በሦስት ማዕዘን ላይ ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸው፤ ነገር ግን 1 ሦስት ጊዜ፣ 0.9 ሦስት ጊዜ፣ 0.72 አራት ጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህ ለአንድ አይገንቫልዩ የሚገኘው አንድ ፈንክሽን ሳይሆን ሙሉ ቬክተር ስፔስ (እየተደመሩና በቁጥር እየተባዙ ከዚያው የማይወጡ ፈንክሽኖች ስብስብ) ነው፣ ቤዚሱን፣ ማለትም ሌሎቹ ሁሉ የሚገነቡባቸውን መሠረታዊ ፈንክሽኖች፣ የምንመርጠውም እኛው ነን። በሁለቱ ተለዋዋጮች ላይ ኦፕሬተሩን በየተራ በካሬ ላይ ስንሠራበት ደግሞ አይገንቫልዩዎቹ እርስ በርስ ይባዛሉ፤ 0.81ን የመሰሉ አዳዲስ ቁጥሮች ይፈጠራሉ፣ 1ም አራት ጊዜ ይገኛል። የሁለቱ ተለዋዋጮች ብዜት ሀ×ለ በሦስት ማዕዘን ላይ አንድ አሥረኛውን ሲያጣ፣ በካሬ ላይ ግን ምንም ሳይነካ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ኦፕሬተሩን ደጋግመን ብንሠራበት፣ በሦስት ማዕዘን ላይ በሦስቱ ጫፎች የሚያልፍ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ስንደርስ፣ በካሬ ላይ የምንደርሰው አራቱን ጫፎች ወደሚነካና አብዛኛውን ጊዜ ጠማማ ወደሆነ ገጽ ነው።

የሒሳብ ሊቁ ዱርሜየር እ.ኤ.አ. በ1967 የፈንክሽኑን ነጠላ ዋጋዎች በኢንቴግራል አማካዮች በመተካት ያቀረበው ኦፕሬተር በሦስት ማዕዘን ላይም የተለያየ ዲግሪ ያላቸውን አይገንፈንክሽኖች እርስ በርስ ኦርቶጎናል (የሁለቱ ብዜት ኢንቴግራል ዜሮ የሚሆንባቸው) ያደርጋቸዋል፤ ይህም ስሌቱን በእጅጉ ያቀልላል።

ጽሑፉን ያዘጋጁት ባለሙያ በሚቀጥለው እትም ሦስት ማዕዘኑንና ካሬውን ጎን ለጎን አቅርበው የሀ×ለን ዕጣ በስሌት ቢያሳዩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሒሳብ መምህር