ውፍረቱን ለካኸው?

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሁለት ዓመት ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልህ «ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። አልተሳሳትክም። ይቅርታውን ስንገናኝ እግርህ ላይ ወድቄ እጨርሰዋለሁ፤ አሁን የአይጦቹ ሂፖካምፐስ (ሴሎቹን የምቆጥርበት የአንጎል ክፍል) እንቅልፍ ነስቶኛል።

ያቺ የማትሰለችህ ጥያቄ፣ የሴክሽኑን (የአንጎሉን ስስ ቁራጭ) «ውፍረቱን ለካኸው?»! አልለካሁትም።

ሌላውን ሁሉ እንዳስተማርከኝ አድርጌያለሁ። መነሻውን ሴክሽን በዕጣ አወጣሁ፤ ከዚያ ከየ10ሩ አንድ፣ ከስፋቱ 1/25ኛ፣ የዳይሴክተሩ (በሴክሽኑ ውስጥ ሴል የምንቆጥርበት ምናባዊ ሳጥን) ከፍታ 10 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)። የሳጥኑን የተከለከለ መስመር የነካችን ሴል፣ እያሳዘነችኝም ቢሆን፣ አልቆጠርኳትም። ውፍረቱ ላይ ስደርስ ግን ማይክሮቶሙ (መቁረጫ መሣሪያው) የቆረጠበትን 40 ማይክሮን ሞላሁና አለፍኩ። ባለፈው ሳምንት በዘይት ሌንስ ከላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው ፎከሱን አውርጄ ብለካው፣ ስላይዱ ላይ ደርቆ ተኮማትሮ 20 ሆኗል።

ከቆጠርኩት ወደ ጠቅላላው ቁጥር የምሻገርበት ማባዣዬ 10 በ25 በ4 (ውፍረቱ 40 ለሳጥኑ ከፍታ 10 ሲካፈል)፣ 1,000 ነበር፤ በ20 ግን 4ቱ 2 ይሆናል፣ ትክክለኛው 500 ነው። 180 ሴል የቆጠርኩበትን አይጥ 180,000 ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ግምቱ 90,000 መሆን ሲገባው። ሁሉም እኩል ተኮማትሮ ቢሆን ለሁለት አካፍዬ እተኛ ነበር። መድኃኒት የወሰዱት ግን (በሌላ ሳምንት ነው ያደረቅኳቸው፣ አትሳቅ) 24 ማይክሮን ናቸው። ከእነሱ በአንዱ 150 ቆጥሬ «መድኃኒቱ ሴል ገደለ» ብዬ ነበር። 150 በ10፣ በ25፣ በ2.4 ምታው እስኪ። 90,000! የሞተ ሴል የለም፤ ወፍራም ሴክሽን ነው ያለው።

ውጤቱን ደግሞ በሰው ፊት አቅርቤዋለሁ፤ አጨብጭበውልኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዳይሴክተርን ያስተዋወቀው ሰው የመሣሪያውን የእንግሊዝኛ ስም (disector) ፊደላት አቀያይሮ «ዲ. ሲ. ስቴሪዮ» (D. C. Sterio) በሚል የብዕር ስም አልነበር ያሳተመው? እርማቴን እኔም እንደዚያ ባወጣው ደስ ባለኝ።

የምለምንህ እንግዲህ፣ ውፍረቱን በየናሙናው ቦታ እንደገና ለካልኝ። ስላይዶቹ የየትኛው ቡድን እንደሆኑ ስለማውቅ የራሴን ዓይን አላምነውም። መለያቸውን ሸፍኜ እልክልሃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ... ዝም ያልኩህ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ያኔ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ውፍረቱን ለካኸው?» ስትለኝ ተቀይሜህ ነው። ለካ ያኔም አልለካሁትም ነበር።

ሳጥኑን ልላከው ወይስ መልስህን ልጠብቅ?

ያው ወንድምህ