ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ወላጆች፦ ስለ ተረትና ንግግር ክበቡ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች እንደምን ሰነበታችሁ፣

የክበብ ፎርሙ ከተላከ ወዲህ በግሩፑም በውስጥ መስመርም ብዙ ጥያቄ መጥቷል። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው፣ ልጆቹ ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ነው እኮ ተረት ምን ይሰራላቸዋል የሚል ነው። አንድ አባት ደሞ "እኔ ለማትስ ነው የምከፍለው" ብለው ጽፈውልኛል፣ አልተቀየምኩም። ስለዚ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ፣ ማታ ቤት ስትገቡ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የፈተናውን ነገር ልጨርስ። ፈተናው ሀ ለ ሐ መ ማጥቆር ነው፣ ድርሰት ጻፍ የሚል የለበትም፣ ስለዚ ይሄ ክበብ የልጃችሁን ውጤት ይጨምራል ብዬ አልሸጥላችሁም። የማትስም ሰዓት አንነካም፣ ክበቡ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። ግን ልጆቹ ለስምንት ዓመት ማጥቆር ብቻ ተምረው ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፕሮፖዛል ጻፉ ሲባሉ፣ ስራ ለመቀጠር ሄደው ስለራስህ ንገረን ሲባሉ ምን እንደሚሆኑ ታላላቆቻቸውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደብተራቸውን ልንገራችሁ። "የትምህርት ጥቅም" በሏቸው "የውሃ ጥቅም" በሏቸው "የአካባቢ ጥበቃ" በሏቸው፣ ብዙው ልጅ የሚጀምረው "ለአንድ አገር እድገት ያለው ሚና እጅግ ከፍተኛ ነው" ብሎ ነው፣ የሚጨርሰውም "ስለዚህ ሁላችንም የበኩላችንን ልንወጣ ይገባል" ብሎ ነው። ፊደሉ ቆንጆ፣ ሰዋስውም ደህና፣ ግን ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። አንዷ ልጃችን ስለ ውሃ ልክ እንዲህ ጽፋ ስታመጣ መምህርቷ ደብተሩን ዘግታ "እናንተ ቤት ውሃ መቼ ነው የሚመጣው?" አለቻት። ልጅቷ ያን ጊዜ ፈታ አለች። ውሃው በፈረቃ ሌሊት ስለሆነ የሚመጣው እናቷ ማታ ቧንቧውን ከፍታ ከስሩ ባዶ ባልዲ ታስቀምጣለች፣ ውሃው ሲመጣ ባልዲውን ሲመታው ቤቱ በሙሉ ይነሳል፣ ታናሽ ወንድሟ ጀሪካን ያዝ ሲባል ቆሞ ይተኛል፣ አንድ ቀን እንደውም የሞላ መስሎት የባዶ ጀሪካን ክዳን ዘግቶ ደርድሮ ተኛ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ፣ ከኋላ ያሉትም "እኛም ቤት" "እኛም ቤት" ይላሉ። መምህርቷ "በይ አሁን ያወራሽውን እንዳለ ጻፊው" አለቻት። በጻፈችው ውስጥ ጥቅም የሚል ቃል አንዴም የለም፣ ያነበበ ሰው ግን ውሃ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

የክበቡ ስራ ይሄ ነው በአጭሩ። ልጁ ከመጻፉ በፊት ይናገራል፣ ሰሚው የት ጋ እንደሳቀ የት ጋ እንዳዛጋ ያያል፣ ከዛ ይጽፋል፣ ከዛ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ምላሱ የተደናቀፈበትን አረፍተ ነገር ይቆርጣል።

ተረት ደሞ ለዚህ የሚያህለው የለም፣ ምክንያቱም ሳይጻፍ ስንት ዘመን በጆሮ ብቻ የኖረ ነገር ነው፣ የማይጥመው ሁሉ እየተንጠባጠበ ቀርቷል። የአንበሳን፣ የነብርን፣ የጅብንና የአህያን ተረት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዝናብ ይጠፋና አራቱ ተሰብስበው ከመሀላችን ኃጢአት የሰራ አለ እንናዘዝ ይባባላሉ። አንበሳው በሬ በላሁ ይላል፣ ሌሎቹ እሱን ፈርተው ኧረ ይሄማ ኃጢአት አይደለም ይላሉ። ነብሩ ፍየል በላሁ ይላል፣ አይ ይሄም አይደለም። ጅቡ ዶሮ፣ እሱም አይደለም። አህያዋ ደሞ ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ከሰው ጋር ሲያወራ ከዳር ትንሽ ሳር ነጨሁ ትላለች። ሁሉም አፈጠጡባት፣ ያ ነው ኃጢአቱ፣ ዝናቡን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ብለው በሏት።

ይቺን ተረት በአንድ ክፍለ ጊዜ ፈታተናት። ለምን ከበሬ ተጀምሮ ወደ ዶሮ ተወረደ? ጥፋቱ እያነሰ ሲሄድ አህያዋ ጋ ሲደርስ ምንም የማይባል ነገር እንዲሆን ነው። ለምን ሶስቴ አንድ አይነት መልስ ተሰጠ? ሰሚው አራተኛውንም እንደዛው እንዲጠብቅ ነው፣ ከዛ ይገለበጥበታል። በመጨረሻስ ተራኪው ፍርድ ስለማጣት ምን አስተማረን? ምንም አላለም እኮ፣ በሏት ብሎ ዝም አለ። ልጆቹ ከሁሉም የገረማቸው ይሄ ነው፣ ድርሰታቸውን ሁልጊዜ በምክር እንዲዘጉ ስለለመዱ። ቀጥሎ ያው ተረት በአንበሳው አፍ ይነገር ተባለና አንድ ዝምተኛ ልጅ (በስንት ልመና ነው የተነሳው) አንበሳውን "እኔ እኮ የእውነት ልቀጣ ነበር የተናዘዝኩት፣ እነሱ ናቸው እምቢ ያሉት" አስባለው። እኔ በበሩ ሳልፍ ነው የሰማሁት፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው ያሳቀኝ።

ንግግሩ ደሞ ሌላ ነው፣ እዛ ላይ የወሰድነው የዓፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ ነው፣ የ1888 ዓ.ም. መስከረሙን። ሁላችሁም የአድዋ በዓል በመጣ ቁጥር ስለምትሰሙት ቃሉ ጆሯችሁ ላይ አለ፣ ግን አንዴ እንደ ጽሁፍ እዩት እስኪ። ብዙው ሰው ማንበብ የማይችልበት ዘመን ስለሆነ ነጋሪት ተጎስሞ በጆሮ ለሚሰማ ህዝብ የተዘጋጀ ነው፣ አጭር ነው፣ ሲነገር ይያዛል። ንጉሱ በእግዚአብሔር ቸርነት ይጀምሩና ወዲያው የራሳቸውን ሞት ያነሳሉ፣ ብሞትም ስለ እኔ ሞት አላዝንም ይላሉ። ከዛ ጠላት የባህር በር አልፎ መምጣቱን፣ ያገራቸውን ከብት ማለቅና የሰዉን መድከም አይተው ቢታገሱም እያለፈ እንደ ፍልፈል መሬት መቆፈሩን ይናገራሉ። ሰሚው ክፉ ቀን የተባለውን ያን የረሃብ ዘመን በቅርብ ያየ፣ በሬው አልቆበት በእጁ የቆፈረ ሰው ነው፣ እና ንጉሱ ድካምህን አይቻለሁ አሉት ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ና የሚሉት። "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" ብለው አያቆሙም፣ ጉልበት የሌለህ ለልጅህ ለምሽትህ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ ይላሉ፣ ሽማግሌውም በሽተኛውም ስራ አገኘ፣ ከአዋጁ ውጪ የቀረ ሰው የለም። ወስልቶ የሚቀረውን ደሞ "ለዚህ አማላጅ የለኝም" አሉት። ሲጨርሱም በባዶ አይጨርሱም፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ፣ ቀኑም ቦታውም ተነገረ።

መምህሩ አርስቶትል የዛሬ 2300 ዓመት ገደማ ሰውን ስለሚያሳምኑ ሶስት ነገሮች የጻፈውን፣ ማለትም የተናጋሪው ማንነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ምክንያት የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አዋጁ ውስጥ ፈልጉ ሲላቸው ሶስቱንም አገኙ። ከዛ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ለሚያውቀው ሰው የሚለምንበትን ንግግር ጻፈ፣ አንዱ ለጎረቤት ሱቅ ባለቤት፣ አንዷ ለአክስቷ፣ ሁለት ልጆች ደሞ ለእኔ ጻፉልኝ ስለ ሽንት ቤቱ በር፣ እና ጥሩ ስለጻፉ በሩ ተሰርቷል።

ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም ይሄ ሁሉ። ቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ (አዘጋጅቶ ማለት ነው) ለመምህሩ ይነግራል፣ ተነቅፎም ተመስግኖም ይመለሳል፣ የሰው ቅኔ ሸምድዶ ቢመጣ ማንም አይቀበለውም። የድሮው የችሎት ሙግት በላ ልበልሃውም እንደዛው፣ ባለጉዳዩ ቆሞ በማር በበቅሎ እየተወራረደ በግጥም ይሟገት ነበር። እኛ ጋ ግን በወላጆች ቀን መምህሩ የጻፈውን ግጥም ልጁ እጁን እያወናጨፈ ይወጣዋል፣ እናንተም ቪዲዮ እያነሳችሁ ታጨበጭባላችሁ፣ ለእኔ ያ ንግግር አይደለም፣ ዘንድሮ ይቀራል። ክርክሩ ግን ይቀጥላል፣ "ብዕር ይበልጣል ወይስ ሰይፍ" ሰልችቶናል እንጂ፣ ርዕሱን ከሰፈራቸው ያመጡታል፣ ግማሽ ላይ ጎን ይቀያየራሉ፣ ደግፎ የተከራከረው ተቃዋሚ ይሆናል። ቲክቶክ ላይ አንዱ ፈጠን ፈጠን እያለ ሲያሳምናቸው የቱ ጋ ምክንያት እንደዘለለ የሚያውቁት እንዲህ ሲለማመዱ ነው።

አሁን የእናንተ ድርሻ። ድርሰቱን አትጻፉላቸው። ባለፈው ሴሚስተር "ባለድርሻ አካላት" የሚል ቃል በ7ኛ ክፍል ልጅ ደብተር አይተናል፣ የማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ስም አልጠራም። ቻትጂፒቲ የጻፈውም ይታወቃል፣ ልጁን ተነስና በቃልህ ንገረን ስንለው ጸጥ ይላል፣ ለዛ ነው ነጥቡ ግማሹ በቃል የሆነው። ፊደል ከተሳሳቱም እቤት አታርሙ፣ እዚህ እናርማለን፣ እናንተ ሲያነቡላችሁ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ስሟቸው ብቻ፣ ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ፣ ካሳቃችሁ ሳቁ።

ሁለተኛ ተረት ንገሯቸው። አማርኛ መሆን የለበትም፣ በኦሮምኛም በጉራጊኛም በትግርኛም በየቤታችሁ ቋንቋ ይሁን፣ ልጁ ወደ አማርኛ ሲያመጣው ራሱ ትልቅ ልምምድ ነው። አያት ገጠር ካሉ በስልክ ይንገሯቸው። እናት ወይ አባት አረብ አገር ያላችሁ ደሞ በኢሞ ወይ በቴሌግራም ቮይስ ላኩላቸው፣ ሁለት ደቂቃም ቢሆን፣ "ተረት ተረት" ብላችሁ ጀምሩና "የላም በረት" ይበሏችሁ። ተረት አላውቅም የምትሉ የራሳችሁን ታሪክ ንገሩ፣ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ምን እንዳደረጋችሁበት፣ እንዴት እንደተጋባችሁ፣ ያልተነገረ ስንት ነገር አለ በየቤቱ።

የመጀመሪያው የተረት ቀን የጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ነው፣ ወንበር ስለማይበቃ ቀድማችሁ ኑ። ልጆቹ ወረቀት ይዘው አይወጡም። ድምጽ ማጉያ አንጠቀምም፣ ሚኒ ሚዲያዎቹ ተቆጥተዋል ግን አንጠቀምም። የቡና እቃ ማምጣት የምትችሉ ወላጆች ለክፍል ሀላፊዎቹ ንገሯቸው፣ ፎርሙን ያልፈረማችሁም እስከ አርብ በልጆቹ እጅ ላኩልን። ማትስ ያሉት አባትም እንዲመጡ እፈልጋለሁ፣ ልጃቸው ሶስተኛ ተራኪ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር