ተምቹን በስሙ ጥሩልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ብዙ ዓመት አንብቤያለሁ፣ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሰሞኑን በቆሎ ላይ ስለወረደው ተባይ ያወጣችሁትን ዜና አየሁ። ዜናው ተምቹን ከላይ እስከ ታች «ትሉ» ነው የሚለው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «የትል መድኃኒት በጊዜ ባለመድረሱ» ይላል። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረውም በቆሎ በሚበቅልበት አገር ነው፣ እና ይቺ «የትል መድኃኒት» የምትባል ነገር ምን እንደምታስከትል በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አምና ክረምቱ ሲገባ የአንድ ጎረቤታችን በቆሎ ተበላ። ትልቅ ሰው ናቸው። ከተማ ወርደው አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገቡና «የትል መድኃኒት ስጡኝ» አሉ። ሻጩ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፣ ሰጣቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ቤቴ መጥተው «መምህር፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ ረጨሁት አልሞት አለኝ» አሉኝ። ከፌስታሉ የወጣው አልቤንዳዞል ነበር። ለሆድ ትል ከብት የሚውጠው ትልቅ ክኒን። ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በቆሎው ላይ ረጭተውታል። ገንዘባቸው ሄደ፣ ሦስት ቀንም ሄደ፣ ተምቹ እየበላ ነው።

በማግሥቱ አብረን ማሳቸው ገባን። መሃል ላይ ተጠቅልሎ ያለውን ለጋ ቅጠል ስንፈለቅቀው እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ወጣ። ከሥሩ ተምቹ ተጠቅልሎ ተኝቷል። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ግንባሩ ላይ እንደተገለበጠ ባላ ያለች ነጣ ያለች መስመር አለች። ጅራቱ አካባቢ አራት ጥቁር ነጥቦች፣ ልክ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ሠርተው ተቀምጠዋል። ይሄ በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ነው። ከዚያ እግሩን ቁጠሩ አልኳቸው። ከጭንቅላቱ አጠገብ ስድስት ትንንሽ፣ አንጓ ያላቸው፣ ሹል እግሮች አሉ። ከኋላ ያሉት ለስላሳ ጉጦች ለመቆንጠጫ ብቻ ናቸው። አንጓ ያለው ስድስት እግር ካለው ነገሩ ነፍሳት ነው። ሲያድግ ክንፍ አውጥቶ የእሳት እራት ይሆናል፣ ማታ ማታ እየበረረ እንቁላል ይጥላል። የከብት ሆድ ውስጥ ካለው ትል ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ እንዲህ ነው። «ትል» ስንል የምንጠራው ቅርጽን ነው። ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ የሚሳብ ነገር ካየን ትል ነው። ሥጋ ላይ የሚፈላው ትል የዝንብ እጭ ነው። የሐር ትልም፣ አባጨጓሬም፣ የጎመን ትልም ነገ የሚበሩ ናቸው። ሳይንሱም ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተሳስቷል። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 እንስሳትን ሲመድብ ትሉንም ቀንድ አውጣውንም «ትሎች» ብሎ አንድ ላይ ጠቅልሏቸው ነበር። በኋላም ለረጅም ጊዜ የመሬት ትል ለነፍሳት የቅርብ ዘመድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሰውነታቸው ቀለበት ቀለበት ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት ይሄንኑ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች ዘረ መላቸውን አወዳድረው ሌላ ነገር አሳዩ። ለነፍሳት፣ ለሸረሪት፣ ለጊንጥና ለሸርጣን ከመሬት ትል ይልቅ የሚቀርበው ወስፋት ነው። አዎ፣ ሆድ ውስጥ ያለው ወስፋት! እነዚህ ሁሉ ለማደግ ቆዳቸውን ይገፍፋሉ። ነጭ በረሮ ያየ ሰው ካለ፣ ቆዳውን ገና መጣሉ ነው። ወስፋትም እስኪያድግ አራት ጊዜ ይገፍፋል። የመሬት ትል ግን አይገፍፍም፣ ዘመዶቹ አልቅት ናቸው፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ቀንድ አውጣ። ኮሶም የሚመደበው በዚያው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ወስፋትና ኮሶ አንድ ሆድ ውስጥ ስለተገናኙ ብቻ ዘመድ የሚመስሉን ተሳስተን ነው። ኮሶ ጠፍጣፋ ነው፣ አፍም አንጀትም የለውም፣ ምግቡን በቆዳው ይመጥጣል። ወስፋት ድቡልቡል ነው፣ አፍ አለው፣ ሴቷ በቀን ወደ 200,000 እንቁላል ትጥላለች።

ይሄ የምሁር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒቱ የሚከተለው ዘሩን እንጂ ቅርጹን አይደለም። ለከብት በመርፌ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የሆድ ድቡልቡል ትሎችንም፣ ቅማልንም፣ የእከክ ተባይንም ይይዛል፣ ምክንያቱም ነርቫቸውና ጡንቻቸው ላይ መድኃኒቱ የሚያገኘው ተመሳሳይ በር አለ። ኮሶና የጉበት ትል ላይ ግን አይሠራም። ትምህርት ቤት ለልጆች የሚሰጠው ክኒንም እንደዚሁ ነው፤ ለወስፋት አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል፣ ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል። «ሁሉም የትል አይደል፣ ሁለት ክኒን ለምን?» የሚሉ ወላጆች በየዓመቱ ይመጡብኛል። ጠላትን ማወቅ ደግሞ ሌላ በርም ይከፍታል። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደር ግድ ይለዋል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የላቲን ስም ጻፉ አላልኩም። አማርኛችን ስሙን ድሮ ጨርሶታል፦ ተምች፣ ኩብኩባ፣ አባጨጓሬ፣ ወስፋት፣ ኮሶ፣ አልቅት፣ መዥገር። ተምች ሲሆን ተምች በሉ። እግረ መንገዴን፣ በዚያው እትም ላይ መዥገርን «ነፍሳት» ብላችኋል። መዥገር ካደገ በኋላ ስምንት እግር አለው፣ ወገኑ ከሸረሪትና ከጊንጥ ነው።

ጎረቤታችን ያን ሰሞን ከልጆቻቸው ጋር ጠዋት ጠዋት በእጅ እየለቀሙ ጨፈለቁት፣ ከማሳው ገሚሱን አተረፉ። ዘንድሮ ገና በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ነው እንቁላሉን ከቅጠሉ ላይ መፈለግ የጀመሩት። ከዜናችሁ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ጥሩ ነበር፣ ግን በጣም አንሷል። እባካችሁ ጭንቅላቱን አጉልታችሁ እንደገና አውጡት፣ ያቺ የተገለበጠች ባላ በደንብ እንድትታይ።

አንባቢያችሁ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ ከምዕራብ ጎጃም