በአንጀት ክር አንድ ምሽት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጎንደር ውስጥ በገና አስተምራለሁ። ሰሞኑን የአውሮፓን የባሮክ ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ገደማ) የቤተ መንግሥት ሙዚቃ በዘመኑ መሣሪያ የሚጫወት ቡድን በስልኬ ሰማሁና ልቤ እዚያው ቀረ። የቫዮሊኖቻቸው ክር የበግ አንጀት ነው፤ ልክ እንደ በገናችን! ቅኝታቸውም ዝቅ ይላል፤ መቃኛ የሆነችው «ላ» የምትባለው ድምፅ በ440 ፈንታ 415 ኸርዝ (በሰከንድ 415 ንዝረት) ናት። ድምፁ ሻከር፣ ሞቅ ያለ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶ የሚባሉትን የሙዚቃ ድርሰቶቹን በ1721 እ.ኤ.አ. ሲያበረክት እኛ ጋ የነገሡት አፄ ዳዊት ሣልሳዊ ነበሩ። የዘፈን ቤታቸው የሚባለው አዳራሽ ዛሬም ፋሲል ግቢ ውስጥ አለ። ታዲያ ዝግጅት በተባለ ቁጥር ጆሮ የሚበጥስ ስፒከር ለምን? በገናውም በናይለን ክር እየተወጠረ ነው። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ አንድ ምሽት ያለ ማጉያ፣ በአንጀት ክር፣ በገና እዚያው ይደርደር። ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ።

የበገና መምህር፣ ከጎንደር