የሰፈራችንን ልጆች ስድስት ኪሎ እናድርሳቸው

ባለፈው ቅዳሜ አምስት የብሎካችንን ልጆች ይዤ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ያለው እዚያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ቤቱ ከከተማችን አሮጌ ቪላዎች አንዱ ነው። ከኮዬ ፈጬ ታክሲ እየቀያየርን ደረስን። ትንሹ ልጅ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ውስጥ ሲገባ ነቃ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ሥዕል ፊት ቆማ አልንቀሳቀስም አለች። እንዳትነኩ ብያቸው ስለነበር እጆቿን ወደኋላ አጣምራ፣ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠግታ ታያለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ቆየች። «ዝናብ ሊመጣ ሲል» አለችኝ።

ማታ ደብተሯ ጀርባ ላይ ስትሥል አመሸች አሉ። ያላት ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ማዕከሉ በስሙ የተሰየመለት ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና ላይ ይሥሉ ነበር። እሱ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ረቂቅ ሥዕልን፣ ነገሩን እንዳለ ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ የሚገልጸውን፣ ይዞልን መጣ። አስተማረ፣ ሣለ፣ ግጥም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት አረፈ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን አገራቸው ገቡ፤ ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ሥዕሎቹ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሰው መጥተው፣ የኛ ልጆች ከኮዬ ፈጬ ስድስት ኪሎ መድረስ ሲያቅታቸው ያሳዝነኛል።

ብሎካችን ውስጥ ወደ 60 ልጆች አሉ። በሁለት ቅዳሜ፣ ሠላሳ ሠላሳ አድርገን ልንወስዳቸው አስበናል። ትልቁ ወጪ አውቶቡሱ ነው። ከዚያ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ የሥዕል ደብተርና አንድ ፓኬት ከለር። ምሳውን እናቶች በየቤታቸው እንቋጥራለን ብለዋል፤ እግዜር ይስጣቸው።

ገንዘቡን የዕድራችን ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላሉ። የገባውም የወጣውም ብሎኩ መግቢያ ላይ ይለጠፋል። አሜሪካም አረብ አገርም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። ሃምሳ ብርም ገንዘብ ነው፣ ማንም እንዳያፍር። ያልተነካ ከለር ቤቱ ያለው ሰውም ያምጣ።

ልጆቹን የሚይዙ ትልልቅ ሰዎችም ያስፈልጉናል፤ በአንድ ዙር ስድስት ሰው። ቅዳሜ ጠዋት ነፃ የሆናችሁ ስማችሁን ለገንዘብ ያዡ ንገሯቸው። መዋጮው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው።