ለልጄ፦ የሆቴሉን ክፍል ከመያዝሽ በፊት

ይድረስ ለተወደድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል?

በመጪው ወር ለስብሰባ ወደ ባሕር ማዶ ለብቻሽ እንደምትጓዢና ለማረፊያም በከተማው መሀል የሚገኝ ሆቴል እንደመረጥሽ የጻፍሽልኝን አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሆቴሉ በገጹ ላይ «ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ተደራሽ» የሚል ምልክት እንዳለው፣ ስለዚህም ምንም እንዳላሳሰበሽ ጨምረሽ ነግረሽኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በዚያች በአንዲት ቃል ምክንያት ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሽ አብረን ያረፍንበትን ሆቴል ታስታውሺው ይሆናል። ከመሄዳችን አስቀድሜ ደውዬ አሳንሰር እንዳላቸው ጠይቄ «አዎን፣ አለን» ተብዬ ነበር፤ አሳንሰሩም በእርግጥ ነበረ፤ ነገር ግን በሩ 58 ሳንቲሜትር ሲሆን ያንቺ ወንበር 61 ነበር። ሁለት ሠራተኞች ከነወንበርሽ አንሥተው በደረጃው ወደ ሁለተኛው ፎቅ ያወጡሽ ነበር፤ እኔም ባወጡሽና ባወረዱሽ ቁጥር አመሰግናቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ደክሞኛል፣ እዚሁ ልዋል» አልሽኝ። ያ ቃል የድካም ቃል እንዳልነበረ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው። የሰዎቹ ደግነት እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ጥያቄ ነው። አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ በቦታ ማስያዣ ድረ ገጾች ላይ የሚታየውን ምልክት አትመኚ፤ ብዙውን ጊዜ ምልክቱን የሚያኖረው ሆቴሉ ራሱ ነውና። ለሆቴሉ በቀጥታ ኢሜይል ጻፊ፤ መልሱንም በሳንቲሜትርና በፎቶግራፍ ጠይቂ። ስለ በር ስትጠይቂ ደግሞ ጥያቄሽን አጥብበሽ አቅርቢው፤ ብዙዎች የሚነግሩሽ የመዝጊያውን ስፋት ነው፤ አንቺን የሚያሳልፈው ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው፤ ሁለቱም በብዙ ሳንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። የአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃ ይህ ክፍተት ከ81 ሳንቲሜትር ገደማ እንዳያንስ፣ ወንበር የሚዞርበትም ባዶ ወለል 152 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ያዝዛል። የምትሄጂበት አገር ሌላ ደንብ ሊኖረው ይችላል፤ ቢሆንም እነዚህን ቁጥሮች ማነጻጸሪያ አድርገሽ ያዢያቸው።

ከሁሉ ይልቅ እንድታተኩሪበት የምፈልገው መታጠቢያ ቤቱን ነው። ብዙ ሆቴል ክፍሉን አስፍቶ፣ አልጋውን አሳምሮ፣ መታጠቢያ ቤቱ ላይ ሲደርስ ይረሳሻል። መጀመሪያ የምትጠይቂው ሻወሩ ደፍ የሌለውና ከወለሉ ጋር እኩል መሆኑን ነው። በግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት የተተከለለትን የመታጠቢያ ገንዳ «ተደራሽ» የሚሉ አሉ፤ ከወንበርሽ ተነሥተሽ የገንዳውን ጠርዝ መሻገር ለማትችዪው ለአንቺ ግን ያ ብረት ጌጥ ነው። ሻወሩ ውስጥ መቀመጫ እንዳለ፣ ካለም በግድግዳው ላይ የተገጠመ ይሁን ወይስ እግር ያለው የፕላስቲክ ወንበር እንደሆነ ጠይቂ፤ የፕላስቲኩ በእርጥብ ወለል ላይ ሊንሸራተት ይችላል። የውሃ መክፈቻውም ከመቀመጫው ሆነሽ የምትደርሺበት መሆን አለበት። የመጸዳጃው መቀመጫ ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሳንቲሜትር ቢሆን ለአንቺ ይስማማል። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ በየትኛው ጎን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ አንቺ ከቀኝ ወደ ግራ እንጂ ከግራ ወደ ቀኝ መሻገር አይቀናሽምና ይህን ሳታፍሪ በግልጽ ጻፊላቸው። የእጅ መታጠቢያውን ደግሞ ከሥሩ ተመልከቺ። የሙቅ ውሃ ቧንቧው ካልተሸፈነ እግርሽ ሙቀት የማይሰማው በመሆኑ ሳታውቂው ሊያቃጥልሽ ይችላል። የሻወሩንም ውሃ ሁልጊዜ አስቀድመሽ በክንድሽ ሞክሪው።

አልጋውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ አንቺ ግን ጠይቂ። በአሁኑ ጊዜ ሆቴሎች ወፍራም ፍራሽ ስለሚደራርቡ አልጋው ከወንበርሽ መቀመጫ በ15 ወይም በ20 ሳንቲሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ መውረዱ ቢቀልሽም መውጣቱ ሌላ ነገር ነው። ስለ ቁም ሣጥኑና ስለ መስታወቱ ቁመት አልጽፍልሽም፤ እነዚያን ትችያቸዋለሽ።

ቅር የሚያሰኘኝ ሌላው ነገር ክፍሉ ተይዞልሽ ሳለ ለሌላ እንግዳ መሰጠቱ ነው። በአሜሪካ ሆቴሎች ተደራሽ የሆኑ ክፍሎቻቸውን በዝርዝር እንዲገልጹና የተያዘውንም ክፍል ለያዘው ሰው በእርግጠኝነት እንዲያቆዩ የሚያስገድድ ደንብ ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር ዋስትናሽ የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው፤ ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር ጭምር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ ከመድረስሽ ሁለት ቀን አስቀድመሽም ደግመሽ ደውዪ። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ የቱሪዝም አገልግሎትን ጭምር እንደጠቀሰ አትርሺ። ይህን የምነግርሽ በእንግዳ መቀበያው ፊት እንድትከራከሪበት ሳይሆን፣ ስትጠይቂ ውለታ እንደምትለምኚ ሆኖ እንዳይሰማሽ ነው።

የሆቴሉ በር ላይ ስትደርሺ «ሁለት ደረጃ ብቻ ናት፣ እናነሣሻለን» ቢሉሽ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ወንበር የሚወጣበት ተዳፋት፣ እንዲያመጡ ጠይቂ፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ደኅና ነው፤ ከዚያ አጥሮ የሚቆመውን ግን ያለ ረዳት አትሞክሪው። ሻንጣሽን ከመፍታትሽ በፊት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብተሽ አንድ ጊዜ ዙሪ፤ ካልዞርሽ ያን ጊዜውኑ ተመልሰሽ ንገሪያቸው። የአደጋ ጊዜ መጥሪያው ገመድ እስከ ወለሉ መውረዱንም ተመልከቺ፤ አጽጂዎች እንዳያስቸግራቸው ጠቅልለው ወደ ላይ ያስሩታል፤ ወለል ላይ ለወደቀ ሰው ግን የታሰረ ገመድ እንደሌለ ነው። በእሳት አደጋ ጊዜ አሳንሰር ስለማያገለግል በዝቅተኛ ፎቅ ላይ ክፍል እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ማን መጥቶ እንደሚያወርድሽና በየት በኩል እንደሚያወርድሽም በመጀመሪያው ምሽት አጣሪ። ይህን ጥያቄ ስታነሺ ፊታቸው ቢለወጥ አትደንግጪ፤ ከዚያ በፊት አስበውት የማያውቁ ብዙዎች ናቸውና።

ስለ አካባቢው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ከሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ነው» የሚለው ለአንቺ ምንም ላይሆን ይችላል። በፓሪስ በ1998 የተከፈተው መስመር 14 በአሳንሰር የሚደረስበት ሲሆን፣ የቀደሙት መስመሮች ጣቢያዎች ግን አብዛኞቹ አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡሩ ብዙ ጣቢያዎች እንዲሁ ደረጃ ሲኖራቸው የከተማው አውቶቡሶች ግን ራምፕ አላቸው። ስለዚህ የጣቢያውን ቅርበት ሳይሆን አሳንሰር ያለው መሆኑን ወይም በአቅራቢያው ራምፕ ያለው አውቶቡስ የሚቆም መሆኑን ተመልክተሽ ምረጪ።

አብሬሽ እንድሄድ ጠይቄሽ «አይ አባዬ» ስላልሽኝ አልተቀየምኩም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በዚያ ጉዞ ጊዜ በኪሴ ሊኖር ይገባው የነበረውን የብረት ሜትር ልኬልሻለሁ። ለሆቴሉ ከመጻፍሽ በፊት ወንበርሽን ከአንደኛው የእጅ መግፊያ ቀለበት ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ለኪው፤ ለጣቶችሽ ማለፊያም ጨምሪበት። ቁጥሩን ለእኔም ጻፊልኝ። የቀድሞው ወንበርሽ 61 ነበር፤ የአዲሱን ግን አላውቀውም።

አባትሽ