አሮጌ የእሽቅድምድም ሞዴሎችን በኮስቲክ ሶዳ አትዘፍዝፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አሮጌ የብረታ ብረት ዕቃዎችን ስለ ማደስ የወጣው ጽሑፍ፣ ማንኛውንም ዕቃ በኮስቲክ ሶዳ ዘፍዝፎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ እንደሚበቃ መምከሩ አሳስቦኛል። ዘዴው ለብረት ይሠራ ይሆናል፤ አሉሚኒየምን ግን ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል።

አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው አነስተኛ ቶርኖ ቤቴ በትርፍ ጊዜዬ የማድሳቸው፣ ከመሐል ምሰሶ ጋር በቀጭን የብረት ሽቦ ታስረው በክብ መም ላይ የሚሮጡ፣ እውነተኛ ሞተር ያላቸው ትናንሽ የእሽቅድምድም መኪኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዱሊንግ ወንድማማቾችና ሮይ ኮክስ የመሳሰሉ ሠሪዎች ያወጧቸው ሲሆኑ፣ የትልልቆቹ ሞተር 10 ሲሲ ያህል ነው። አካላቸው በብዛት ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ስለሆነ ጽሑፉ የሚመክረውን አይችሉም።

ሞተሩ አልዞር ካለ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። በሜታኖል ነዳጅ ውስጥ ለማለስለሻ የሚጨመረው የጉሎ ዘይት ለዓመታት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ ነው። በፒንሳ ይዞ በጉልበት ማዞር የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል፤ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብሎ ማሞቅና (የማድረቂያው ባለቤት ከፈቀደች) ስስ ዘይት እያንጠባጠቡ መታገስ ይሻላል። ፒስተኑንና ሲሊንደሩን በብርጭቆ ወረቀት መንካት ፈጽሞ አይገባም፤ በተለይ የትናንሾቹ ሞተሮች ፒስተን ቀለበት ስለሌለው፣ ጥቂት እንኳ ቢፋቅ እመቃው ይጠፋና ሞተሩ አይነሣም።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር፣ ዕቃው በቆራሌዎች እጅ አልፎ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ኮይሉና የባትሪው ማስቀመጫ «ትርፍ ነው» ተብሎ መጣሉ ነው። አሜሪካዊው የሞዴል ሞተር ሠሪ ሬይ አርደን በጋለ ሽቦ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ከማቅረቡ በፊት፣ እነዚህ ሞተሮች እንደ ትልልቆቹ መኪኖች ባትሪና ኮይል በሚፈጥሩት የእሳት ብልጭታ ይነሡ ነበር። ስለዚህ የሞተሩን ዘመን ለመገመት ከሚረዱን ነገሮች አንዱ ያ የተጣለው ኮይል ነው። ቀለሙም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ የተላላጠ የፋብሪካ ቀለም ለሰብሳቢ ትናንት ከተረጨ አንጸባራቂ ቀለም ይበልጣል፤ ብዙ ጓደኞቼ በዚህ ባይስማሙም እኔ አልቀባም።

ዝግጅት ክፍሉ ቢያንስ ስለ ኮስቲክ ሶዳው በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እንዲያወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንድ የቶርኖ ባለሙያ፣
ከአቃቂ ቃሊቲ